ፋንልዮግ፦ ለመኪናችን የአይሪሽ ስም ያወጣንበት መዝገበ ቃላት

መኪናዋን ከገዛን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ልጄ ከኋላ ወንበር ቀበቶዋን እያሰረች «አባዬ፣ ስሟ ማነው?» አለችኝ። ቶዮታ ያሪስ አልኳት። «እሱማ የፋብሪካ ስሟ ነው፤ የራሷ ስም ማነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

የምንኖረው ደብሊን ነው። መኪናዋ ያገለገለች፣ ብርማ ቀለም ያላት፣ አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ የምንላት ዓይነት ትንሽዬ ናት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚህ አገር እንዳሉ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ትምህርት ቤት አይሪሽ ትማራለች፣ እና ስሙ አይሪሽ ይሁን ብላ ወሰነች። በቃ፣ ተወሰነ።

እኔም ደስ አለኝ። የሚጋለቡበትን ነገር ስም መስጠት ለኛ አዲስ አይደለም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ፈረሱ ቀርቶ መኪና ሲመጣም ሕዝቡ አላቆመም፤ አባዱላ አለ፣ ዶልፊን አለ፣ ቅጥቅጥ አለ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚቀመጥ ውይይት የተባለው ታክሲም ነበር። ግን እነዚያን ሁሉ ያወጣናቸው አፍ በፈታንበት ቋንቋ ነው። በማላውቀው ቋንቋ ስም ማውጣት ሌላ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ከገባሁበት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው በዚያ ፍለጋ የተጠቀምንበትን አገልግሎት ለመገምገም ነው። ቲያንግላን ይባላል። ስትፈልጉት ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኤል፣ ኤ፣ ሁለት ኤን፣ ከዚያ ዶት አይ ኢ ብላችሁ ጻፉ። ነፃ ነው፣ መመዝገብም አያስፈልግም፣ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ወደ ቃሉ መሄድ ብቻ ነው። ለመኪናም ለጀልባም ለብስክሌትም የአይሪሽ ስም የምትፈልጉ ሰዎች ከዚህ ጀምሩ፤ ከሌላ ቦታ አትጀምሩ።

እኔ ከሌላ ቦታ ነበር የጀመርኩት።

ልጄ የወፍ ስም ይሁን አለች። ያቺ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለው፣ ጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራው ትንሽ ወፍ አለች አይደል፣ በእንግሊዝኛ ስዋሎ የሚሏት? እሷን ነው የፈለገችው። ምክንያትም አላት፤ ወፏ በሚያዝያ አካባቢ አየርላንድ ትመጣለች፣ እዚህ ትፈለፍላለች፣ መስከረም ላይ ደግሞ ተነስታ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ ትሄዳለች። 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ፍጥረት ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ! «እንደኛ ከአፍሪካም ናት፣ ከዚህም ናት» አለች ልጄ። ከዚህ በኋላ ሌላ ስም ማንሳት ለእኔ ከባድ ነበር።

ስልኬ ላይ ባለ አንድ አውቶማቲክ መተርጎሚያ ስዋሎ ብዬ ጻፍኩ። «ስሎግ» ብሎ መለሰልኝ። አጭር ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ለመኪና ይሆናል ብዬ ወደድኩት። ማታ ጎረቤታችንን በር ላይ አገኘኋቸው። ከምዕራብ አየርላንድ፣ ከኮኔማራ የመጡ፣ አፋቸውን በአይሪሽ የፈቱ ትልቅ ሴት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ወደውታል። «እማማ፣ መኪናችንን ስሎግ ልንላት ነው» ስላቸው ቆም ብለው አዩኝና «ምን ልትውጥ ነው?» አሉኝ።

ለካ ስሎግ ማለት «ዋጥ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የወፏ ስምና መዋጥ አንድ ዓይነት ቃል ናቸው፣ መተርጎሚያው መዋጡን መርጦ ሰጠኝ። ያቺን ቃል አሳትሜ ለጥፌያት ቢሆን ኖሮ አይሪሽ የሚያነብ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ሲነዳ «ዋጥ» የሚል ትእዛዝ ያነብ ነበር። እማማ ናቸው «ቲያንግላን ላይ እይ» ያሉኝ።

ቲያንግላን አንድ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ብዙ መዝገበ ቃላት አንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡበት ቤት ነው ብትሉት ይቀላል። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የደ ቫልድራሃ እንግሊዝኛ–አይሪሽ አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦ ዶኒል አይሪሽ–እንግሊዝኛ አለ። አይሪሽን በራሱ በአይሪሽ የሚፈታ ትንሽ መዝገበ ቃላትም አለ። ከነሱ ጎን የሰዋስው ክፍልና የድምፅ ክፍል አለው። ያዘጋጀው ፎራስ ና ጌልገ የሚባለው የቋንቋው ተቋም ነው፤ ከ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ለደቡቡም ለሰሜኑም አየርላንድ የሚሠራ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ልማድ ያዙ። ከእንግሊዝኛ ወደ አይሪሽ ፈልጋችሁ ቃል ስታገኙ እዚያ አትቁሙ። ያገኛችሁትን የአይሪሽ ቃል መልሳችሁ በኦ ዶኒል ላይ ፈልጉት። ስሎግን እንደዚያ ባደርገው ኖሮ ከመጀመሪያው «ዋጠ፣ ጎረሰ» ብሎ ያሳየኝ ነበር። ወፏን ስፈልግ ደግሞ ፋንልዮግ መጣች፣ ገልብጬ ብፈልጋት ወፏ እራሷ ናት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የድምፁ ክፍል ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አይሪሽ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ነገር ግን እንደ እንግሊዝኛ ካነበባችሁት ከቃሉ ምንም አይተርፍም። ኤም እና ኤች ተከታትለው ከመጡ «ቭ» ወይም «ው» ናቸው። ቢ እና ኤችም እንደዚሁ። ኤስ ከኢ ወይም ከአይ አጠገብ ስትሆን «ሽ» ትሆናለች። ጎረም፣ ማለትም ሰማያዊ የሚለው ቃል፣ ሲጻፍ በ«ር» እና በ«ም» መሀል ምንም የለም፣ ሲነገር ግን ጎ–ረ–ም ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ተምሮ ከመጨረስ ሰምቶ መያዝ ይሻላል። ደግሞ እኛ ሽ እና ኝ ያለን ሰዎች ነን፣ ጆሯችን የለመደው ድምፅ ብዙ ነው፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሰምታ ሦስተኛው ላይ ልክ ብላዋለች።

ድምፅ የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ ሦስት ቁልፎች ታያላችሁ። ኮናክት፣ ኡልስተር፣ መንስተር። ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ እንደማለት ነው። ስትነኩት የሚመጣው የሰው ድምፅ ነው። ፋንልዮግን ሦስቱንም ደጋግመን ሰማን፣ ልጄ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ጆሯን ስልኩ ላይ ለጥፋ። የደቡቡ አነጋገር መጨረሻዋን «ልዮግ» የምትለውን ይጫናል። የሰሜኑ መጨረሻዋን ያሳጥራታል። የምዕራቡ መጀመሪያዋን ጫን ይልና መጨረሻዋን ሳያሳጥር ይስባታል። የጎንደር፣ የወሎ፣ የሸዋ አማርኛ እንደሚለያይ ማለት ነው፤ ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም ልክ ነው። መዝገበ ቃላቱ አንዱን አንግሦ ሌሎቹን አለመጣሉን በጣም ወድጄዋለሁ። እኛ የኮናክቱን ያዝን፣ እማማ የሚናገሩት እሱን ስለሆነ። እናንተም ስም ስትመርጡ ይህን አስቡበት። አያትህ ከዶኒጎል ከሆኑ የኡልስተሩን ስማ፤ ሥራህ ኬሪ ከሆነ የመንስተሩን። ስም የሚጠራ ነገር ነው፣ የሚጠራህ ሰው ደግሞ ከአንድ ቦታ የመጣ ነው።

አሁን ስለ ፋዳ። ፋዳ አናባቢ ላይ የምታርፍ ትንሽ ጭረት ናት፣ ድምፁን ታስረዝማለች። ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች፣ እኔንም ጨምሮ ዓመታት። ያለ ጭረት ሻን ብትሉ አሮጌ ማለት ነው፣ ጭረት ሲኖራት ሾን፣ የሰው ስም ይሆናል። ያለ ጭረት ብርሽቸ የተሰበረ ነው፣ ከነጭረቷ ብሪሽቸ ሱሪ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ ደግሞ ካካ ነው፤ ከነጭረቷ ኬክ፣ ጭረቷን ከጣላችሁ ሰገራ። እኛ ይህ አይጠፋንም። «ገና» ሲላላ ገና አልመጣም የምንለው ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። እኛ በፊደል አንለየውም፣ ዓረፍተ ነገሩ ያስረዳናል። አይሪሾች ግን ርዝመቱን ጽፈው ነው ያስቀመጡት። እና መኪና ላይ የተለጠፈ አንድ ቃል ዙሪያውን የሚያስረዳለት ዓረፍተ ነገር የለውም፣ ብቻውን ነው የቆመው።

ይህን እያወቅኩ ተለጣፊውን ያዘዝኩበት ቤት ጭረቷን አስቀርቶ አተመልኝ። ስሙን አልጠራም። በኢሜል በትክክል ጽፌ ልኬ ነበር። ስቀበል ፊደሎቹ ቆንጆ ናቸው፣ ነጭ፣ ጥርት ያሉ፣ ጭረቷ ልታርፍበት የሚገባት ኤ ላይ ግን ምንም የለም። ስጠይቅ «ኮምፒውተሩ አይቀበለውም፣ ደግሞ ማንም አያስተውለውም» አሉኝ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ከሚገባው በላይ። በስልክ ኤ የምትለውን ፊደል ጫን ብሎ መያዝ ብቻ ነው፣ አየርላንድ ውስጥ በሚሸጥ ኪቦርድም አንድ ቁልፍ አብሮ መጫን ነው። ልጄ ግን ከእኔ ቀድማ ነው ያየችው። ተለጣፊውን አንስታ በጣቷ ቦታውን እየነካች «ፋዳዋ የት ሄደች?» አለች። ለሷ የተሳሳተ ስም ነው፤ ስሟን ያለ አንድ ፊደል ብትጽፉባት እንደምታዝነው ነው ያዘነችው። ሌላ ቦታ እንደገና አሠራን፣ በዚህኛው ላይ ናሙናውን ሳላይ እንዳያትሙ አስቀድሜ ነገርኳቸው። እናንተም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን አስልኩና ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። መለጠፊያ ቦታውንም አስቡበት፤ የሰሌዳ ቁጥሩ ላይ ምንም አትንኩ፣ የኋላ መስታወቱንም አትሸፍኑ። እኛ ከኋላ በሩ በታች በኩል፣ ከግራ ጥግ አደረግነው።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ልንገራችሁ። መኪና ትጠራለች አይደል? በብርድ ጠዋት «ኧረ ተነሺ እመቤቴ» ይባላል። በአይሪሽ አንድን ሰው ስትጠሩ ከስሙ በፊት «አ» ትላላችሁ፣ ከዚያ የስሙ መጀመሪያ ድምፅ ይላላል። የመላላቱ ምልክት ኤች ናት፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል ቀጥላ ትገባለች። ቢ ስትላላ «ቭ» ትሆናለች፣ ኤም ስትላላም «ቭ»። ኤፍ ግን ስትላላ ድምጿ ጨርሶ ይጠፋል! ስለዚህ ፋንልዮግን ስትጠሯት «አ አንልዮግ» ነው የምትሏት። እማማ መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሯት ስሟን የረሱት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው ልክ። «ወፊቱ» ለማለትም እንደዚያው ነው፣ «አን አንልዮግ»፣ ምክንያቱም ቃሉ ሴት ነው። ይህን ቲያንግላን የሰዋስው ክፍሉ ላይ በሠንጠረዥ ያሳያችኋል፤ ነጠላው፣ ብዙው፣ ከመስተአምሩ ጋር፣ ማለትም ከ«አን» ጋር ሲሆን ምን እንደሚመስል።

የቃሉን ፆታ ሳታዩ ቅጽል እንዳትጨምሩበት። ነጭ ፈረስ ካፓል ባን ነው፣ ፈረስ የሚለው ቃል ወንድ ስለሆነ። ነጭ ላም ግን ቦ ባን አይደለችም፣ ቦ ቫን ናት፣ ላም ሴት ስለሆነች ቀለሟ ይላላል። ነጭ መኪና ላይ «ነጯ ላም» ብላችሁ ልትጽፉ ከፈለጋችሁ ይህች አንዲት ድምፅ ናት የምትለየው። ቲያንግላን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ምልክት ያደርጋል፣ ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ።

ስለ ፆታ ካነሳሁ አይቀር፣ ካር የሚለው የአይሪሽ ቃል በሰዋስው ወንድ ነው። ስለ መኪና ሲያወሩ ግን «ሺ» ይላሉ፣ «እሷ» ማለት ነው። ጀልባም እንደዚያ ነው፤ ቃሉ ወንድ፣ አጠራሩ እሷ። እማማ ይህን ሲነግሩኝ «እኛም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ዛሬ አልነሳ አለችኝ»፣ «ጎማዋ ተነፈሰ»፣ «ዘይቷን ቀይርላት» አይደል የምንለው? ማንም አስተማሪ ሳይነግረን።

ቀለሞቹ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ዓለም ናቸው። ወፏ ላይ ከመስማማታችን በፊት ባለቤቴ በቀለሟ እንጥራት ብላ ነበር። ብርማ ናት፣ ስለዚህ ብር ምን ይባላል ብዬ ፈለግኩ። አሪጊድ ይባላል። ኦ ዶኒል ላይ ስከፍተው ብር፣ ማዕድኑ፤ ዝቅ ብሎ ገንዘብ። አንድ ቃል። ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ሁለታችንም ስልኩን እያየን ቆምን። ይህን አገር መጥተን ስንት ዓመት ኖረናል፣ አውቶቡሱ ላይ የተጻፈውን «አን ላር»፣ መሀል ከተማ የሚለውን፣ በየቀኑ ስናልፈው ኖረናል፣ ግን ያን ምሽት ያህል ይህ ቋንቋ ቅርቤ ሆኖ አያውቅም። ለስም ግን አልሆነንም። መኪና ላይ «ገንዘብ» ብሎ መጻፍ ለእኔ ደስ አይልም።

ግላስ የምትለዋን ቃል እዩልኝ። ሣሩ ግላስ ነው፣ አረንጓዴ። ግራጫዋ በግም ግላስ ናት፣ ዳመና ያዘለ ሰማይም ግላስ። ፋብሪካ የቀባው ደማቅ አረንጓዴ ግን ግላስ አይባልም፣ ኡአኜ ይባላል። ስለዚህ አረንጓዴ መኪና ያለው ሰው ዝም ብሎ ግላስ ካላት ሰሚው ግራጫ ሊመስለው ይችላል። ቀይም ሁለት ነው። ቀለም የተቀባ ቀይ ጃረግ ነው፣ የሰው ፀጉርና የእንስሳ ቀይ ሩአ ነው። ቀበሮን ማድራ ሩአ ይሏታል፣ ቃል በቃል «ቀዩ ውሻ»። እኛም ፈረስን ቡናማ አንለውም፣ ዳማ እንለዋለን፤ ይህን ያለ ሰው ሩአን ወዲያው ይረዳል። ጎረም የሚለው ሰማያዊ ደግሞ ለእኔ ሌላ ትርጉም አለው። በአይሪሽ ልማድ የእኔን መልክ ያለው ሰው «ፋር ጎረም»፣ ሰማያዊ ሰው ነው የሚባለው። ጥቁር ሰው ለማለት «አን ፋር ዱቭ» ብትሉ ሰይጣን ማለት ይሆናል። ይህን ሳላውቅ ጥቁር መኪና ገዝቼ «ጥቁሩ ሰውዬ» ብዬ ልጠራው እችል ነበር። ቲያንግላን ላይ ዱቭ የሚለውን ስትከፍቱ እንደነዚህ ያሉ ሐረጎች ከሥሩ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ፣ እስከ ታች አንብቡ።

ሐሳብ ለሚፈልጉ፣ እኛ ካየናቸውና ከተውናቸው ውስጥ የወደድኳቸው አሉ። ቮልስዋገን ቢትል ላላችሁ ኪያሮግ አለላችሁ፣ ጢንዚዛ ማለት ነው፤ «ጢንዚዛ ሌላ ጢንዚዛን ያውቃል» የሚል የታወቀ ተረት አላቸው፣ ሁለት ቢትሎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ትንሽ ቀይ መኪና ከሆነች ቦኢን ጄ በሉአት፤ ያቺ ቀይ ነጠብጣባም ትንሽ ጥንዚዛ ናት፣ ስሟ ግን «የእግዜር ትንሽ ላም» ማለት ነው። ቀስ ለሚል ሸሊጀ አለ፣ ቀንድ አውጣ። ደረቷ ቀይ የሆነችው ወፍ ስፒጆግ ናት። የሰው ስም ግን ባትወስዱ እመርጣለሁ። ሲርሻ፣ ነፃነት ማለት ነው፣ በጣም ያምራል፣ ግን የልጄ ክፍል ውስጥ ሲርሻ የምትባል ልጅ አለች፣ «ሲርሻ ጎማዋ ፈነዳ» ማለት አይመችም።

ለነገሩ በትልልቅ መኪናዎች ላይ የሴት ስም ማውጣትን አየርላንዶች ራሳቸው የሚወዱት ነገር ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ደብሊን ኢንቺኮር በሚገኘው የባቡር ፋብሪካ ሦስት ታላላቅ የእንፋሎት ባቡሮች መሥራት ጀመሩ፣ ከደብሊን ኮርክ የሚሮጡ። ስማቸው ሜቭ፣ ማሃ እና ታልቸ ነው፣ የጥንት ታሪክ ንግሥቶች፣ በአሮጌው የአይሪሽ ፊደል በሰሌዳ ተጽፎ። ሜቭ ዛሬም አለች፣ ቤልፋስት አጠገብ ኩልትራ ያለው የትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። የባሕር ኃይሉም መርከቦቹን ዴርድረ፣ ኢፋ፣ ኤህና፣ ሮሺን፣ ኒያቭ እያለ ሲሰይም ኖሯል። ኤህና እና ኒያቭ በ2015 እ.ኤ.አ. ከሊቢያ ዳርቻ ባሻገር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሰው ሲያድኑ ከነበሩት መርከቦች ናቸው። ያን መንገድ ያለፉ ሰዎች በኛ መሀል አሉ። እነዚያን ስሞች ስሰማ የምሰማው ከመዝገበ ቃላት በላይ ነው።

«ግን ማን ይረዳዋል? የሞተ ቋንቋ አይደል?» ያለኝ የሥራ ባልደረባ አለ። አልሞተም። በ2022ቱ የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ 1,873,997 ሰዎች አይሪሽ መናገር እንችላለን ብለዋል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገሩት 71,968 ናቸው፣ ይህ ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን ነዳጅ ማደያ ቆሜ ሳለ አንድ ሰውዬ መጥተው ተለጣፊውን አንብበው በአይሪሽ አነጋገሩኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፣ «አ ፋንልዮግ» ብዬ አሳየኋቸው፣ እሳቸው ቀስ ብለው «አ አንልዮግ» አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ አልረሳኋትም። እና እዚህ አገር የተመዘገበ መኪና ሰሌዳው ላይ የክፍለ ሀገሩ ስም በአይሪሽ ተጽፎበታል፣ የደብሊኑ «ብላ ክሊያ» ይላል፤ እኔ የጨመርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው።

ቲያንግላን ብቻውን ይበቃል ወይ? ለአንድ ቃል ስም አዎ። መጽሐፎቹ ግን የ1959 እና የ1977 ናቸው፣ የዘመኑን ነገር እዚያ አትፈልጉ። ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው በስም ውስጥ ቻርጅ ወይም ባትሪ የሚል ነገር ማስገባት ካማረው፣ ፎራስ ና ጌልገ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ያወጣው አዲሱ የእንግሊዝኛ–አይሪሽ መዝገበ ቃላት ፎክሎር ዶት አይ ኢ ይሻለዋል፤ ትርጉሞቹን ለያይቶ በቁጥር ያስቀምጣል፣ ወፏና መዋጡ እዚያ አይምታቱም። ስሙ የሁለት ሦስት ቃል ሐረግ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን የሚያነብላችሁ አባር ዶት አይ ኢ አለ፤ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የተሠራ የማሽን ድምፅ ነው፣ እሱም በየአካባቢው አነጋገር። የቦታ ስም ማውጣት ለምትፈልጉ ሎግአንም ዶት አይ ኢ አለ፣ ባለቤቴ የተዋወቅንበትን መንደር ስም እዚያ አግኝታ ለቀጣዩ መኪና ይሁን ብላ ይዛዋለች። ሁሉም ነፃ ናቸው። ሁሉንም ለመጠቀም ግን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፣ ከአማርኛ ቀጥታ የሚያሻግር የለም።

ለአጠቃቀም ቅለቱ፣ ለሦስቱ የሰው ድምፆች፣ ለሰዋስው ሠንጠረዡ ከአምስት አምስት ነው የምሰጠው።

አሁን የባለቤቴ ወንድም ጥቁር ቫን ገዝቷል፣ ዕቃ ያመላልሳል። ቅዳሜ ቤታችን ቡና ላይ ተቀምጠን ስም እንፈልግለታለን ብለናል። ልጄ ከወዲሁ አንድ ይዛለታለች፣ ለማንም አልነገረችም፤ መጀመሪያ ሄዳ እማማ ፊት ልትለው ነው፣ ድምፁ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ።